ትምህርት ለድኃ ልጅ፦ ከሴክተር ሪቪው በፊትና በኋላ

በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ያነሡት ጥያቄ የደመወዝ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከዋነኞቹ ጥያቄዎቻቸው አንዱ፣ «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው የጥናት ሰነድ በሥራ ላይ እንዳይውል የሚያሳስብ ነበር። ባለሙያዎች ስለ ትምህርት አመራር የጻፉት ሰነድ የከተማን ሕዝብ ለቁጣ ሲያስነሣ ብዙ ጊዜ አይታይም። ሰነዱን ገልጦ ያነበበው ሰው ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ከውስጡ አንድ ነጥብ ተነጥሎ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ። ይኸውም የድኃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማር ታስቧል የሚል ነበር። ሰነዱ ነገሩን በዚህ አነጋገር አላስቀመጠውም። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የተረዳው ነገር ፈጽሞ መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ክርክር መነሻ ተከትሎ፣ ከዚያ ወዲህ የወጡት የትምህርት መመሪያዎች ለድኃው ልጅ ውጤትና ለሥራ ዕድሉ ምን እንዳስገኙለት ለመመርመር ይሞክራል።

በአገራችን የትምህርት ታሪክ ድኃ መሆን ሁልጊዜ ከትምህርት ደጅ የሚያስመልስ አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ የዕለት ጉርሱን ከየደጃፉ እየለመነ ከንባብ እስከ ቅኔ፣ ከቅኔ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ ይዘልቅ ነበር። ሥርዓቱ የተማሪውን ድኅነት እንደ ነውር አልቈጠረበትም፤ የመንደሩም ሰው የተማሪውን ቀለብ በየዕለቱ ይሸፍን ነበር። በ1900ዎቹ መግቢያ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ ግን የትምህርት ዓላማ ተለወጠ። መንግሥት የሚፈልገው የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ፣ ጸሐፊና የቢሮ ሠራተኛ ነበር። ትምህርትና የመንግሥት ሥራ በአንድ ገመድ የተሳሰሩት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

የጣልያን ወረራ በ1933 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ይህ ትስስር ይበልጥ ጠበቀ። መሥሪያ ቤቶች ተቋቋሙ፤ የተማረ ሰው ግን አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ ሲከፈት፣ ጄኔራል ዊንጌትም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሲከተል፣ አዳሪ ተማሪዎች ምግባቸውንና መኝታቸውን በመንግሥት ወጪ ያገኙ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁም በ1943 ዓ.ም. ተመሠረተ። በዚያ ዘመን ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ሥራ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ሥራው ቀድሞ ይጠብቀው ነበር። ከድኃ ቤት ወጥተው ለትልቅ ማዕረግ የበቁ ሰዎች የታዩትም ያን ጊዜ ነው። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለውን አባባል ሕዝቡ በሙሉ ልቡ የተናገረው ይህን በዓይኑ ስላየ ነው።

ነገር ግን በዚህ መንገድ ያለፉት ጥቂቶች ነበሩ። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ሲጣል፣ ገበሬው ለትምህርት ማስፋፊያ እንዲከፍል ታዘዘ። ትምህርት ቤቶቹ ግን በአብዛኛው በከተማ ተሠሩ። አዲስ አበባ፣ ሸዋና በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ አካል የነበረችው ኤርትራ ከሕዝባቸው ቁጥር የሚበልጥ ድርሻ ሲያገኙ፣ ሌሎቹ ጠቅላይ ግዛቶች ወደ ኋላ ቀሩ። የገበሬው ልጅ መማር ከፈለገ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ወረዳው ከተማ መሄድ፣ ከዘመድ ቤት መጠጋት ወይም ሰው ቤት እያገለገለ መማር ግድ ሆነበት። የቋንቋውም ጉዳይ ሌላ ሸክም ነበር። ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ክፍል በላይ ያለው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ተደረገ። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የሚናገር ሕፃን፣ ዕውቀቱን ከመቅሰሙ በፊት ሁለት ቋንቋ መሻገር ነበረበት። በመንገዱም ላይ የስድስተኛ፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናዎች ቆመው ይጠብቁታል።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት ስለ ትምህርት ለመመካከር በአዲስ አበባ ተሰብስበው፣ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ሕፃናት እንዲዳረስ ወሰኑ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ በተማሪ ብዛት ከብዙዎቹ እንግዶቿ ኋላ መገኘቷ ለመሪዎቿ አሳፋሪ ነበር። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቶች ቁጥር ቢጨምርም፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባው ለትምህርት ከደረሱት ሕፃናት አንድ አምስተኛውን እንኳ አልሞላም ነበር። ከገቡትም ብዙዎቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያቋርጣሉ። በሌላ በኩል፣ መሥሪያ ቤቶች ሰው እየሞላቸው ስለመጣ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት በከተማ ጎዳናዎች መታየት ጀመረ።

ሴክተር ሪቪው የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው። በ1964 ዓ.ም. የዓለም ባንክ በገንዘብ እየረዳ፣ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ባለሙያዎች በ14 የጥናት ቡድን ተከፋፍለው የአገሪቱን ትምህርት መረመሩ። የደረሱበትም ሐሳብ በቁጥር ደረጃ ሲታይ ጠንካራ ነበር። ለጥቂቶች ከፍተኛ ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ ለብዙኃኑ መሠረታዊ ትምህርት ቢዞር፣ ከጥቂት አሠርት ዓመታት በኋላ እያንዳንዱ ሕፃን ቢያንስ አራት ዓመት መማር ይችላል፤ ትምህርቱም ለገጠር ኑሮ፣ ለእርሻና ለእጅ ሥራ የሚጠቅም ይሆናል። ከአራት ዓመቱ በላይ የሚዘልቁት ግን በቁጥር ተወስነው የሚመረጡ ናቸው። የሰነዱ ደራስያን የድኃውን ልጅ ለመጉዳት አስበው ነበር ብሎ የሚከስ ሰው ፍርድ አያውቅም። ምንም ላላገኘው ብዙኃን ጥቂት ለመስጠት ነበር ሐሳባቸው።

ታዲያ ሕዝቡ ስለምን ተቃወመ? ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰነዱ ለድኃው ልጅ የሚሰጠውን ትምህርት ለመለወጥ ሲያስብ፣ ትምህርት በሥራ ገበያ ያለውን ዋጋ አልለወጠም። መሥሪያ ቤቱ፣ ባንኩና ድርጅቱ ደመወዝ የሚከፍሉት እንደ ቀድሞው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍልና ለዲግሪ ነበር። በአራት ዓመት ትምህርት የሚገኝ ወረቀት ወደ እርሻ ይመልሳል እንጂ ወደ ቢሮ አያስገባም፤ እርሻውም በዚያን ጊዜ በአብዛኛው በተለይ በደቡብ የባለ ርስቱ እንጂ የጭሰኛው አልነበረም። ባለጸጋው ልጁን በግል ትምህርት ቤት አልፎ ተርፎም በውጭ አገር ማስተማር ይችላል። ስለዚህ አራተኛ ክፍል ለባለጸጋው ልጅ መነሻ፣ ለድኃው ልጅ ግን መድረሻ ሊሆን ነው። መምህሩና ወላጁ ይህን ለመገመት የጥናት ቡድን አላስፈለጋቸውም። በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራኑ አድማ ሲጀመር፣ የነዳጅ ዋጋ መናር ያስመረራቸው ባለ ታክሲዎችም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም በዚያው ወር ሴክተር ሪቪው በሥራ ላይ መዋሉ እንዲዘገይ አደረገ። ዘውዳዊው መንግሥት ራሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ስለወደቀ ሰነዱ ዳግመኛ አልተነሣም።

ከአብዮቱ በኋላ የመጣው መንግሥት በስፋት በኩል የሠራው ሥራ የሚካድ አይደለም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣቱን ወደ ገጠር አሰማራ። በሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍን አስተማረ። ትምህርት ቤቶች በገጠር በርክተዋል፤ ሆኖም ተማሪው በፈረቃ እየተማረ፣ መጽሐፉን ለብዙ እየተጋራ፣ መጨረሻው ያው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀውን መንግሥት በሥራ ላይ ይመድበዋል፤ በፈተናው የወደቀው ግን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት አልነበረም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት የቆዩ ዕንቅፋቶችን ለማንሣት ሞከረ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እስከ አሥረኛ ክፍልም ያለ ክፍያ እንዲሆን ደነገገ። የተማሪው ቁጥር ከጥቂት ሚሊዮን ተነሥቶ በሁለት አሠርት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ አደገ። ዳሩ ግን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተቋቋመ፤ ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ጀመር። ሙያ መማር የተከበረ ነገር ሆኖ ሳለ፣ መመሪያው ከፈተና ለቀሩት ስለመደበው በሕዝብ ዘንድ እንደ ቅጣት ተቈጠረ። ፈተናው ያልቀናቸው ብዙ የገጠር ልጃገረዶች ሥልጠናውን ትተው በቤት ሠራተኛነት ወደ ዐረብ አገሮች ተሰደዱ። ወረዳው የሠራላቸው ትምህርት ቤት ለዐሥር ዓመት አስተምሮ፣ ሥራውን ያገኙት ግን ከባሕር ማዶ ነው። ይህ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል።

ከስፋቱ ጋር ጥራቱ አብሮ አለመጓዙም እየታወቀ መጣ። በ2002 ዓ.ም. በየክልሉ የተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ብዙዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። ኵረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ በተከታዩ ዙርም 3.2። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ከፍ ያለ ውጤት ካስመዘገቡት መካከል ግን ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። እነዚህ ተማሪዎች ተመርጠው የገቡ መሆናቸው አይዘነጋም፤ ቢሆንም የኮተቤና የዊንጌት ታሪክ የሚያስተምረውን መልሶ ያስተምራል። በልቶ የሚያድር፣ መጽሐፍ ያለው፣ የበቃ መምህር የሚያስተምረው ልጅ ያልፋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የምገባ ሥራ ዋጋው ከዚህ አንጻር ሊታይ ይገባል፤ የቆሎ ተማሪውን ጉርስ መንደሩ እንደሚሸፍን ሁሉ፣ የዛሬውን ተማሪ ጉርስ ከተማው ሸፍኗልና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ሴክተር ሪቪው የድኃውን ልጅ መቆሚያ በአራተኛ ክፍል ሊያደርግ አስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት መመሪያዎች መቆሚያውን ወደ አሥረኛ፣ ከዚያም ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገፉት። መገፋቱ ራሱ ትርፍ ነው፤ ማንበብ የቻለ ሰው ካልቻለው ይሻላልና። ነገር ግን መቆሚያውን መግፋት መቆሚያውን ማንሣት አይደለም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ የወደቀ የገበሬ ልጅ፣ በአራተኛ ክፍል ከቆመው አባቱ ይልቅ ተስፋው በብዙ ከፍ ብሎ ነበርና ኀዘኑም የዚያኑ ያህል ይበልጣል።

ስለዚህ አዲስ የትምህርት መመሪያ በወጣ ቊጥር ስንት ልጅ ገባ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማንበብ ማን እንዳስተማረው፣ ሲርበው ማን እንደሚያበላው፣ ከፈተና ሲቀር የሚሄድበት ሙያ ደመወዝ ይከፈልበት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1966 ዓ.ም. ሰነዱን ሳያነብ የተቃወመው ወላጅ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ጥያቄው ከተነሣ ግማሽ ምእት ዓመት አልፎታል፤ መልሱን ግን ዛሬም እየጠበቀ ነው።