ከሲያም ሩዝ ማሳ እስከ ቦሌ መደርደሪያ

በቦሌና ከዚያ በስተምሥራቅ ባሉ ሰፈሮች ወደ አንዱ የቤት እንስሳት መሸጫ ገብታችሁ ስለ ቤታ ዓሣ ብትጠይቁ የምትሰሙት መልስ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ «ይሄ ምንም አይፈልግም። አየር ከላይ ይስባል፤ ብርጭቆ ውስጥም ይኖራል።» ሻጩ ሊዋሻችሁ ፈልጎ አይደለም። ሲሸጡለት የሰማውን ነው የሚደግመው። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ ይህ ግማሽ እውነት ደግሞ እኛ ዘንድ የደረሰው ከመቶ ዓመት በላይ አገር ለአገር ዞሮ ነው።

ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው። ዕቃ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ ምን ይዞ ምን ጎድሎት እንደመጣ ሰነድ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ሻጮች ፋይተር የሚሉትን ይህን ዓሣም የተከታተልኩት በዚሁ ልማዴ ነው። የደረስኩበትን በአጭሩ ልናገር፦ ዓሣው ሲጓዝ ጠባቡ ዕቃ አብሮት መጥቷል፤ ከዕቃው ጋር የነበረው ጥንቃቄ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

የቤታ አገር የቀድሞዋ ሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ ናት። በቻኦ ፕራያ ወንዝ ተፋሰስ፣ በሩዝ ማሳ፣ በቦይና በረግረግ ይኖራል። ውሃው ጥልቅ አይደለም፤ ግን ሰፊ ነው፣ ሣርና ቅጠል ሞልቶበታል፣ ዓመቱን ሙሉም ይሞቃል። የዱሩ ቤታ ከጣት የማይበልጥ፣ ቡናማና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ ጅራተ አጭር ዓሣ ነው። የሞቀና የረጋ ውሃ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ስለዚህ ቤታ አብዛኞቹ ዓሦች የሌላቸው ተጨማሪ መተንፈሻ አለው። ከጉንጩ በላይ ባለ ክፍተት ውስጥ ብዙ እጥፋት ያለው፣ በደም ሥር የተሸፈነ አካል አለ፤ የዘርፉ ሰዎች ላብሪንት ይሉታል። ዓሣው ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል፣ ኦክስጅኑንም በዚያ አካል ይወስዳል። ይህ መንገድ ከተዘጋበት በንጹሕ ውሃ ውስጥም ታፍኖ ሊሞት ይችላል።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አምባዛም አየር መተንፈስ ይችላል። ቆሮሶ ከመረብ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ሲሞት፣ አምባዛ በጀልባው ወለል ላይ ለሰዓታት አፉን እየከፈተና እየዘጋ እንደሚቆይ ማንኛውም የጣና ዓሣ አስጋሪ ያውቃል። ያም ሆኖ «አምባዛ በባልዲ ይኖራል» ያለ ሰው አልሰማሁም። ለመሞት ብዙ ጊዜ የሚፈጅበት ፍጥረት በዚያው ቦታ ይመቸዋል ማለት አይደለም። በቤታ ላይ የደረሰው በደል ሁሉ የሚጀምረው እነዚህን ሁለት ነገሮች ከማምታታት ነው።

ሰውና ቤታ የተዋወቁት ከጥንት ጀምሮ ነው። በ2022 የታተመ የዘረመል ጥናት ቢያንስ 1,000 ዓመት እንደሆናቸው አመልክቷል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የተፈለገው ለውበቱ አልነበረም። ወንዱ ሌላ ወንድ ሲያይ የጉንጩን ክዳን ገልብጦ፣ ክንፉን ዘርግቶ ይገጥማል። የሲያም ሰዎች ገንዘብ እያስያዙ ያዋጉት ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥትም ለውርርዱ ፈቃድ እየሰጠ ግብር ይሰበስብበት ነበር። ነፍስ ባለው ፍጥረት ቁማር መጫወት ክፉ ነው፤ ይህን ሳልል አላልፍም። ነገር ግን ዛሬ መደርደሪያ ላይ የምናየው አያያዝ የተወለደው ከእነዚያ አርቢዎች ቤት ስለሆነ፣ ምን ያደርጉ እንደነበር ማወቅ ግድ ነው።

ሁለት ወንዶች በአንድ ውሃ ስለማይኖሩ እያንዳንዱን በየማሰሮው ለዩት። ማሰሮው ግን የሚቀመጠው የአየሩ ሙቀት ቀንም ሌትም ለዓሣው በሚስማማው አገር ነበር፤ ማሞቂያ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ውሃው ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ውስጡ የደረቀ የባሕር ለውዝ ቅጠል ይነከርበታል፤ ቅጠሉ ውሃውን እንደ ቀጭን ሻይ ያቀላዋል፣ ቁስልንም ይከላከላል። ምግቡ ሕይወት ያለው የትንኝ እጭ ነው። በአንዱ ማሰሮና በሌላው መካከል ደግሞ ካርቶን ይቆማል፤ ዓሦቹ እንዳይተያዩና ቀኑን ሙሉ በቁጣ ጉልበታቸውን እንዳይጨርሱ። አርቢው ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለራሱ ጥቅም ነው፤ ቢሆንም ያደርገው ነበር።

ቤታ ወደ ምዕራቡ ዓለም የገባው በሳይንስ በር ነው። ቴዎዶር ካንተር የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም ከሲያም ዓሦች አግኝቶ በ1849 ጻፈባቸው። የዛሬውን ሳይንሳዊ ስም፣ ቤታ ስፕሌንደንስን፣ በ1910 ያወጣለት እንግሊዛዊው ቻርለስ ቴት ሬገን ነው። በ1890ዎቹ ዓሣው ራሱ ፈረንሳይና ጀርመን ደረሰ፤ በ1910 ደግሞ ፍራንክ ሎክ የተባለ ሰው ወደ ካሊፎርኒያ አስገባው። ከዚያ በኋላ አርቢዎች እየመረጡ ባዳቀሉት ቁጥር ቀለሙ እየደመቀ፣ ክንፉ እየረዘመ ሄደ። ዛሬ በመስታወት ውስጥ የምናደንቀው መጎናጸፊያ የሚመስል ጅራት የሰው ሥራ ነው፤ ዓሣው ተሸክሞት ሲዋኝ ይደክማል፣ ቆሻሻ ውሃም መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚያን ዘመን አውሮፓውያን አገራቸው ብርዳም እንደሆነ ያውቁ ነበርና ከሞቃት አገር የመጣን ዓሣ ሲያኖሩ ከገንዳው ሥር ኩራዝ ወይም ጋዝ ያነድዱ ነበር። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ቤት እንኳ ሙቀቱ አልተዘነጋም። የተዘነጋው ንግዱ ሲሰፋ ነው። በታይላንድ እርሻዎች ወንዶቹን በጠፍጣፋ የአረቄ ጠርሙስ ለይቶ ማሳደግ የተለመደ ሆነ፤ ለሽያጭ ሲደርሱ ትንሽ ውሃ በያዘ ላስቲክ እየታሰሩ በዓለም ተበተኑ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ቤታን የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ከተክል በታች ማኖር ፋሽን ሆነ፤ ሥሩን እየበላ ይኖራልም ተባለ። ቤታ ነፍሳት በል ነው፤ ሥር አይበላም። ይህን ዓይነቱን አያያዝ የተቃወሙም አሉ። የሮማ ከተማ በ2005 ባወጣው ደንብ ዓሣን በክብ ብርጭቆ ማኖር ከልክሏል።

ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። በ1962 መጨረሻ ጄት የሚያሳርፈው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዞር አካባቢው ሜዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኤምባሲው፣ ሆቴሉ፣ የገበያ ሕንፃው ተከታተለ፤ ሰፈሩም በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲ አድርጎ እስከ አያት ተዘረጋ። እኔ ሥራ ስጀምር አኳሪየም የሆቴል እንግዳ መቀበያና የሐኪም ቤት ጌጥ ነበር። አሁን በኮንዶሚኒየም ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል። የዓሣ ጭነት ሲመጣ የፎም ሳጥኑን አውቀዋለሁ፤ ነጭ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሲያነሡት ውስጡ ውሃ ሲንሸራተት ይሰማል። ሕይወት ያለበት ስለሆነ ቶሎ እንዲወጣ ሁሉም ይሯሯጣል። ጥንቃቄው የሚያበቃው ግን ከመጋዘኑ በር ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ብርዱ ግን ከዚህ ይብሳል። ቤታ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ገርጂ ባለው ቤቴ ማሞቂያ የሌለው የባልዲ ውሃ 17 ዲግሪ ይሆናል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትም አይሻልም። በዚህ ውሃ ውስጥ ቤታ ምግብ ይተዋል፣ የሰውነቱ መከላከያ ይዳከማል፣ ብርጭቆው ወለል ላይ ይተኛል። ገዢው ይህን አይቶ «ረጋ ያለ ዓሣ ነው» ይላል። ላብሪንቱ ከብርድ አያድነውም። ከአሞኒያም አያድነውም። ዓሣ አሞኒያን በመተንፈሻው በኩል ያለማቋረጥ ያስወጣል፤ በሰፊ ገንዳ ማጣሪያው ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች ጉዳቱ ወደሚቀል ነገር ይቀይሩታል። ማጣሪያ በሌለው ብርጭቆ ውስጥ ግን የሚቀይረው የለም፤ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይቃጠላል።

እንዲህ ያለውን አንዱን በቅርብ አይቻለሁ። ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ታችኛው ረድፍ ላይ ነበር። ውሃው ደፍርሷል፤ ሳይበላ የቀረው ምግብ ወለሉ ላይ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል። ዓሣው ሰማያዊ ነው፤ የጅራቱ ጫፍ ግን ጠቁሮ ተበጣጥሷል፣ ክንፎቹም ተጣብቀዋል። ከግራም ከቀኝም ወንዶች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ካርቶን የለም። ጣቴን ወደ መስታወቱ ሳስጠጋ አልተቆጣም፣ አልሸሸም። የጉንጩ ክዳን ብቻ በፍጥነት ይከፈትና ይዘጋ ነበር።

ቤት ወስጄ ያደረግኩለት የሚያስመካ ጥበብ አይደለም። ሃያ ሊትር የምትይዝ ገንዳ፣ አንድ ትንሽ ማሞቂያ፣ አንድ የስፖንጅ ማጣሪያ። ውሃችን በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን ማስቀመጥ የሁላችንም ልማድ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ቀን ካደረ የክሎሪኑ ሽታ ይወጣለታል። ከአዲሱ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመርኩ ቀስ ብዬ አላመድኩት። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፤ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም። መጀመሪያ አልበላም። ሲሞቅ ተነሣ፤ ከዚያ በጠቆረው የጅራቱ ጫፍ ላይ እንደ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ በቀለ፣ ቀለሙ በኋላ መጣ። ትንሽ ቆይቶ በገንዳው ጥግ፣ ውሃው ፊት ላይ፣ አረፋ መደርደር ጀመረ። የቤታ ጎጆ ይህ ነው። ወንዱ አየር እየጎረሰ በምራቁ ይለውሰዋል፤ እንስቷ ስትጥል እንቁላሉን አንድ በአንድ በአፉ ለቅሞ አረፋው ውስጥ ያስገባል፣ እስኪፈለፈልም ይጠብቃል። ተዋጊ የምንለው ይህ ፍጥረት ልጅ አሳዳጊ አባት ነው።

ነገር ግን የታመመውን ሁሉ እየገዙ ማዳን መፍትሔ አይሆንም። እኔ ገንዘቤን ስከፍል ሱቁ ሸጧል፤ በባዶው ቦታ ሌላ ብርጭቆ ይቀመጣል። ስለዚህ ሻጩን አነጋገርኩት። ወጣት ልጅ ነው፤ ጨዋና ሥራውን የሚወድ።

«ጋሼ፣ ማሞቂያው ከዓሣው ብዙ እጥፍ ይወደዳል» አለኝ። «ለደንበኛ ብነግረው ጥሎኝ ይሄዳል።»

«በሳምንቱ የሞተበት ደንበኛስ ተመልሶ መጥቶ ያውቃል?» አልኩት።

ዝም ብሎ አሰበ። ስለ ሲያም አርቢዎች ነገርኩት፤ ስለ ካርቶኑና ስለ ውሃ ቅየራው። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ መከለያ በብርጭቆዎቹ መካከል ቆሟል። ቆይቶም ብርጭቆዎቹን በሙሉ ውሃ በሞላ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አቁሞ በአንድ ማሞቂያ ብቻ ሁሉንም ማሞቅ ጀመረ። ብዙ ወጪ አላወጣም። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ወሬው ነበር፤ ዓሣው ሲመጣ አብሮ መምጣት የነበረበት።

ከእንግዲህ ቤታ የምትገዙ ሰዎች የዓሣውን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ውሃው ስንት ዲግሪ ነው? መቼ ነው የተቀየረው?» በሉ። ሻጩ መመለስ ካልቻለ አትግዙ፤ ለምን እንዳልገዛችሁም ንገሩት። ማሞቂያና ማጣሪያ የመግዛት አቅም ከሌላችሁ ዓሣውን እዚያው ተዉት፤ አቅሙ ሲኖር ይደረስበታል። ሻጮችም ማሞቂያውን ከዓሣው ጋር አንድ ላይ ዋጋ አውጡለት። ለቁማር ያረቡት ሰዎች እንኳ ከመቶ ዓመት በፊት ያልነፈጉትን እኛ ለፍቅር ያመጣነው ሰዎች ብንነፍገው ምክንያት የለንም።