ኮቦ በአማርኛ ምን ይባላል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን ጠበቃ ሆኗል። ሰላምታው ሳያልቅ፣ "ቲቸር፣ ያኔ የደካው አባት አቤቱታ ላይ ኮቦን በአማርኛ ምን ብለን ነበር የጻፍነው? ተመሳሳይ ጉዳይ ይዞ ሌላ ደንበኛ መጥቶብኝ ነው" አለኝ። ፈልጌ ላኩለት። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፤ ስለዚህ እዚህ ልጽፈው ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ክፍሉ ላውራ። ቦንጋ ሕግ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። እኔ አፌን የፈታሁት በአማርኛ፣ ሕግ የተማርኩት በእንግሊዝኛ፤ ካፊኖኖ ደግሞ ከሰላምታ አልፎ አንድ ቃል አላውቅም። የዕለቱ ርዕስ ዩዙፍራክት ነበር፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1309። የሌላ ሰው የሆነን ነገር፣ ዋናውን ሳያጠፉ የመገልገልና ፍሬውን የመውሰድ መብት። በእንግሊዝኛ አስረዳሁ፣ ዝም። "በአማርኛ አላባ ይባላል" አልኩ፤ አሁን ገባቸው ብዬ። ያው ዝም። እውነቱን ለመናገር አላባ የሚለውን ቃል በአማርኛ ያደገውም ልጅ ሕግ ትምህርት ቤት ሳይገባ ሰምቶት አያውቅም።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ኮቦ ማለት ነው?"

የካፋ ልጆች ሳቁ፣ ጭንቅላታቸውንም ነቀነቁ። ልጁ ተነስቶ አስረዳን። ኮቦ ማለት ወሰኑ በጎረቤት የታወቀ የጫካ ክፍል ላይ ያለ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ መብት ነው። የኮቦው ባለቤት በዚያ ባሉት ዛፎች ላይ ቀፎ ይሰቅላል፣ ማር ይቆርጣል፤ ሌላው ሳያስፈቅደው አይገባም። ዛፉን ግን እንደ ፈለገ አይጥለውም፣ ምክንያቱም ዛፉ ከሌለ ቀፎ የለም። ገተም ከሌለ ነጩ ማር ከየት ይመጣል?

ከዚህ የተሻለ የ1309 ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እኔ የመለስኩት ግን እንዲህ ነው፦ "ጥሩ ምሳሌ ነው። ግን ልማድ ነው፤ በአንቀጽ 3347 ተሽሯል።" ከዚያ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። መልሱ በሕግ ስህተት አልነበረም። 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረውን የተጻፈውንም የልማዱንም ደንብ ይሽራል። በ1967 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን በሙሉ የሕዝብ ንብረት አደረገው። ቢሆንም ያቺን መልሴን ዛሬም አልወዳትም።

ለምን እንደማልወዳት ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

በዚህ አገር ሕግ በራሱ ቋንቋ ተወልዶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ የተጻፈ ነው፤ ወደ እኛ በግዕዝ ገባ፤ ሊቃውንቱ በአማርኛ እየተረጎሙ አስተማሩት። ወደ እንግሊዝኛ በሙሉ የመለሱት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው፤ ያሳተመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ነው። ዐረብኛ፣ ግዕዝ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ። አንድ መጽሐፍ ነው እኮ!

የዘመናዊዎቹ ሕጎች ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1949 የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው፣ በፈረንሳይኛ። በ1952 የወጣውን 3367 አንቀጽ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት የፓሪሱ ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው፣ እሱም በፈረንሳይኛ። ረቂቁ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ፓርላማው የተወያየበትና ያጸደቀው አማርኛውን ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ወጡ፤ የመጀመሪያው ፈረንሳይኛ ጋዜጣው ላይ የለም።

በ1956 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ብዙዎቹ መምህራንም ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጡ ነበሩ። እስቲ አስቡት፦ በኮመን ሎው ያደገ አሜሪካዊ፣ ፈረንሳይ አመጣሽ ሕግን፣ በእንግሊዝኛ፣ ፍርድ ቤት በአማርኛ ለሚከራከር ኢትዮጵያዊ ያስተምራል። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ደግሞም በደንብ ሠርተውታል። በ1956 መውጣት የጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ ጆርናል ዛሬም ይነበባል፤ የፖላንዱ ጆርጅ ክሸቹኖቪች በፍትሐ ብሔሩ ላይ የጻፉትን እኔም ለክፍል ስዘጋጅ እገልጠዋለሁ።

ግን ሁሌ የምገረመው በተርጓሚዎቹ ነው። በተለይ የቃል አመራረጣቸው! ለፈረንጁ "አንቲክሬሲስ" የሚለውን የግሪክ ቃል ማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ተርጓሚው ግን "ወለድ አገድ" ብሎ አሳረፈው። አበዳሪው መሬቱን ይይዛል፣ ፍሬው የገንዘቡ ወለድ ይሆናል፤ ገበሬው ከድሮ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። "ይርጋ"ም እንዲሁ፣ "ቅን ልቦና"ም እንዲሁ። ሁሉም ግን አልሰመረም፣ ወይም ጊዜ ቀይሮታል። ሕጉ ባለቤትን "ባለሀብት" ይለዋል። ዛሬ ለተማሪ "የዚህች ዶሮ ባለሀብት" ስትለው ኢንቨስተር መስሎት ይስቃል።

በሁለት ዓምድ ሕግ ማውጣት የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አየርላንዶች በ1937 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ሕገ መንግሥት በእንግሊዝኛና በአይሪሽ ነው፤ ከሕዝቡ አብዛኛው የሚናገረው እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ ሲጋጩ የሚጸናው አይሪሹ ነው። ለምሳሌ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው በእንግሊዝኛው "35ኛ ዓመቱ ላይ የደረሰ" ይላል፤ ይህን ጠበቅ አድርጋችሁ ካነበባችሁት 34 ዓመት የሞላው ሰው ይበቃል። አይሪሹ ግን 35 የሞላው ነው የሚለው። ስለዚህ 35 ነው። የበለጠ የገረመኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጡት ሕግ ነው፦ ጎልዌይ ያለው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር ሲቀጥር በአይሪሽ ማስተማር ለሚችል ቅድሚያ ይስጥ ይል ነበር። ቋንቋው ሕግ ላይ የበላይ ነው ካልክ የሚያስተምርበት ሰው ያስፈልግሃላ።

እኛም ጋ አማርኛው የበላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 ላይ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል፤ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ቁጥር 3/1987ም ለአዋጆቹ ያንኑ ይላል። በ1997 በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 አስገዳጅ የሆኑት የሰበር ውሳኔዎች የሚጻፉት በአማርኛ ነው። ተማሪው ግን 5 ዓመት በእንግሊዝኛ ይማራል፣ መውጫ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ይፈተናል፣ በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄዶ በአማርኛ አቤቱታ ጻፍ ይባላል። "ቲቸር፣ መቃወሚያ ነው መከላከያ ነው የሚባለው?" የሚል የስልክ ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ደዋዮቹ እናንተ ናችሁና።

ይህ ሁሉ ግን የሁለቱ ዓምድ ጣጣ ነው። ሦስተኛው ዓምድ የታለ?

ካፋ እስከ እ.ኤ.አ. 1897 ድረስ የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ሚክረቾ የሚባል የአማካሪዎች ጉባኤ የነበረው መንግሥት ነው። ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርከው ከተወሰዱ በኋላ ዳኝነትም መዝገብም በአማርኛ ሆነ። ቋንቋው አልተጠናም እንዳይባል፣ ሊዮ ራይኒሽ ስለ ካፊኖኖ በጀርመንኛ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው፤ ኤንሪኮ ቸሩሊ በጣሊያንኛ በ1951። ቪየናና ሮም ያሉ ሊቃውንት የካፊኖኖን ግሥ ሲያረቡ እዚህ ያለው ባለጉዳይ በአስተርጓሚ ይከራከር ነበር። ዛሬ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ሕፃናት ይማሩበታል። በኅዳር 2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ግን የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ብዙ ብሔረሰብ ባለበት ክልል ምክንያቱ ይገባኛል፤ እኔም ከዚያ ምርጫ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። አንቀጽ 20 ደግሞ ክሱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ሰው በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት መብት ይሰጠዋል። ግን ልብ በሉ፣ አንቀጽ 20 የሚያወራው ስለ ተከሰሰ ሰው ነው። ቀፎው የተሰበረበት ሰው አልተከሰሰም።

ወደ ደካው አባት ልምጣ።

ተማሪዎችን ይዤ ችሎት ለመታዘብ የሄድኩ ቀን ነው። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ይቅር። ከሳሹ ሰባ ያለፋቸው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ አባት ናቸው፤ የመጡት ከደካ ነው። በዕለቱ አስተርጓሚ ስላልነበረ ችሎቱ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ተጠራ። ዳኛው "ምንድን ነው የሚጠይቁት?" አሉ። አባት ብዙ ተናገሩ፤ እኔ የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ኮቦ። ሦስቴ አሉት። ሰውየው ተረጎመ፦ "ጫካው የእኔ ነው ነው የሚሉት።"

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "አባቴ፣ ጫካ የመንግሥት ነው። ማስረጃ አለዎት?" እንግዲህ በዚህ ትርጉም ከሄድን ዳኛው ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን ሌላ አልልም። አጠገቤ የተቀመጠው ያ ከኋላ እጁን ያወጣው ልጅ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ቲቸር፣ እንደዚህ አላሉም" አለኝ። ችሎት ነው፣ ተነስተህ አትናገር። ቀጠሮ ተሰጠ።

ውጭ አገኘናቸው። ልጁ መዝገቡ ላይ የተጻፈውን በካፊኖኖ ነገራቸው። አባት ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና የሆነ ነገር አሉ። ልጁ ሳቅም እንባም እየተናነቀው ተረጎመልኝ፦ "ጫካው የእኔ ነው አላልኩም። ጫካ የሰው ይሆናል እንዴ? ኮቦዬ ገብቶ ቀፎዬን ጣለብኝ ነው ያልኩት።"

ከዚያ ነጻ የሕግ ድጋፍ ሆነን ጉዳዩን ያዝነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 91 አቤቱታ ማሻሻልን ይፈቅዳል። ቁጭ ብለን ሁለት ሙሉ ከሰዓት በኋላ የተከራከርነው በአንድ ቃል ላይ ነው። "ባለቤትነት" ካልን በ1967 አዋጅ እንወድቃለን። "ይዞታ" ካልን የይዞታ ማረጋገጫ አምጡ እንባላለን። "አላባ" ካልን አላባውን የሰጣችሁ ማን ነው ይመጣል። አንዷ ተማሪ "ለምን ኮቦ ብለን አንጽፈውም?" አለች። ጻፍነው፤ ከሥሩም ማብራሪያ አደረግንለት። ለጠበቃው ተማሪዬ የላክሁት ይኸው ነው፦

"ከሳሽ በጫካው ውስጥ ወሰኑ በጎረቤቶች የታወቀ፣ ከአባታቸው የተላለፈላቸውና በአካባቢው አጠራር ኮቦ የሚባል፣ በዛፎች ላይ ቀፎ የመስቀልና ማር የመቁረጥ መብት ሳይታወክባቸው ሲጠቀሙበት የኖሩ ሲሆን፣ የመሬቱንም ሆነ የጫካውን ባለቤትነት አይጠይቁም።"

የመጨረሻዋ ሐረግ ናት ጉዳዩን ያዳነችው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁ እንዲያስተረጉም ተፈቀደለት። አባት የሰባት ቀፎ ካሳ ተፈረደላቸው። ስለ ኮቦው ግን ውሳኔው አንድም ቃል አላለም፤ ቀፎው ንብረት ነው፣ ተሰብሯል፣ ይከፈል፣ አለቀ። ያ ሰውዬ ነገ ተመልሶ እዚያው ዛፍ ላይ የራሱን ቀፎ ቢሰቅል ፍርዱ አያግደውም። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደን የሚባል የባለቤትነት ዓይነት ያውቃል፤ በዚያ በኩል በር ሊኖር ይችላል ብዬ አስባለሁ። የአንድ ሰው ኮቦ በማኅበረሰብ ደን ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ገና ያልተሠራ የቤት ሥራ ነው፤ ለዚያ ጠበቃም የነገርኩት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ 1309ን ሳስተምር የምጀምረው ከኮቦ ነው። በካፊኖኖ አንዱ ተማሪ ያስረዳል፣ ሌላው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ከዚያ እንግሊዝኛው ይመጣል። ጊዜ ይፈጃል፤ ምዕራፍ አይጨረስም፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሲያየኝ ሰዓቱን ያያል።

ይህን የምታነቡ የድሮ ተማሪዎቼ በየፍርድ ቤቱ፣ በየዐቃቤ ሕጉ፣ በየወረዳው ናችሁ። በካፊኖኖ፣ በሸክኛ፣ በቤንችኛ፣ በዳውሮኛ፣ በየትኛውም ቋንቋ ባለጉዳይ ሲናገረው ሰምታችሁ መዝገብ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ የተጻፈ ቃል ካለ ላኩልኝ። የባለጉዳዩን ስም አትጻፉ። ቃሉን፣ ሰውየው ሊል የፈለገውን፣ መዝገቡ ያለውን፣ ሦስቱን ብቻ። እስካሁን ደብተሬ ላይ 11 ደርሰዋል፤ ኮቦ 1ኛ ነው።