የብረቷ እግር፦ የሞተር ሳይክል የጎን ማቆሚያና «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል

(በሀዋሳ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የታሪክ መምህር ወደ መድረክ ሲወጣ አድማጩ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ አብዮት ይነግረኛል ብሎ መጠበቁ የተለመደ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ርዝመቷ ከሁለት ስንዝር ስለማይበልጥ የብረት ዘንግ ነው። ሞተር ሳይክል ሲቆም በግራ ጎኑ የሚደገፍባት፣ በመጽሐፍ ቋንቋ የጎን ማቆሚያ፣ በመንገዱ ቋንቋ ደግሞ «ስታንድ» የምንላት እርሷ ናት። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ አሽከርካሪው እርሷን ማጠፍ ረስቶ ተነሥቶ ቢወድቅ፣ ጥፋቱ የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ በዓለም ላይ የተሰጠው መልስ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ተለውጧል። እንዴት እንደ ተለወጠ፣ ለውጡስ ወደ እኛ መንገዶች ምን ያህል እንደ ደረሰ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ጥያቄውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አጎቴ በደርግ ዘመን በሲዳማ ገጠር የግብርና ሠራተኛ ነበሩ። ከመሥሪያ ቤታቸው በተሰጣቸው አሮጌ ሞተር ሳይክል ከቀበሌ ቀበሌ ይዞሩ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ ገበሬ መንገድ ዳር አስቁሞ ስለ ቡና ችግኙ ጠየቃቸው። ሞተሩን ሳያጠፉ በጎን ማቆሚያው አቁመው ወረዱ፤ ችግኙን አይተው የሚበጀውን ነገሩት፤ ተመርቀውም ተነሡ። ጥቂት እንደ ሄዱ መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደቁ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ዕድሜ ልካቸውንም አነከሱ። ካረፉ በኋላ ከወረቀቶቻቸው መካከል የአደጋውን ሪፖርት አገኘሁ። የአደጋው ምክንያት በአንድ መስመር ተጽፏል፦ «በአሽከርካሪው ቸልተኝነት»። አጎቴን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ይከብዳል። የዝናብ መለኪያ መዝገባቸውን ሳይሞሉ አንድ ቀን እንኳ ያላደሩ ሰው ነበሩና።

በቅድሚያ አደጋው እንዴት እንደሚደርስ እንመልከት። የጎን ማቆሚያ ሲዘረጋ ጫፉ ከማጠፊያው ቡሎን ቀደም ብሎ ወደ ፊት ይቀመጣል፤ ሞላው ደግሞ በዚያው ቦታ ወጥሮ ይይዘዋል። ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጫፉ ከመሬት ከፍ ስለሚል አሽከርካሪው ምንም አይሰማውም። ወደ ቀኝ ሲታጠፍም እንዲሁ። ወደ ግራ ሲያዘነብል ግን ብረቱ መሬቱን ይነካል። ያን ጊዜ ሁለት ኃይሎች ይታገላሉ፦ የመሬቱ ሰበቃ ብረቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ሊያጥፈው ይሻል፤ የሞተር ሳይክሉ ክብደት ደግሞ በተዘረጋበት ይቸነክረዋል። ክብደቱ ካሸነፈ ብረቱ እንደ ምርኩዝ ተተክሎ የኋላውን ጎማ ከመሬት ያነሣል፤ አሽከርካሪውንም ይጥለዋል። ስለዚህ ስሕተቱ የሚፈጸመው በመነሻው ቦታ ሲሆን፣ ቅጣቱ የሚመጣው በመጀመሪያው ግራ መታጠፊያ ነው። በሁለቱ መካከል አሽከርካሪው ሁሉ ነገር ደኅና እንደ ሆነ አምኖ ፍጥነት ይጨምራል። የነገሩ አደገኛነት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። አባቶቻችን ሞተር ሳይክልን ከድምፁ ተነሥተው «ዶቅዶቄ» ብለው ሰየሙት። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ እንደ ሞቶ ጉዚ ያሉ የጣሊያን ጦር ሞተር ሳይክሎች በአገራችን መንገዶች ተመላልሰዋል። ወራሪው ሲወጣ የመካኒኩ ቃላት ቀሩ፤ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፎሌ፣ ካንዴላ፣ ሞላ እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው የጣሊያንኛ ውርሶች ናቸው። በዚያ ዘመን በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ዋነኛው ማቆሚያ ከኋላ ጎማ ጋር የተያያዘ ወይም በመሐል ከሞተሩ ሥር የሚገኝ ሰፊ የብረት እግር ነበር። አሽከርካሪው ሞተር ሳይክሉን ወደ ኋላ ስቦ፣ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ያቆመዋል። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፤ ነገር ግን አንድ በጎ ነገር አለው። ጎማው በአየር ላይ ሳለ ማርሽ ቢገባ ባዶውን ይሽከረከራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ከማቆሚያው ሳይወርድ መነሣት ስለማይቻል፣ ድካሙ ራሱ ማስታወሻ ነበር።

የጎን ማቆሚያው ይህን ድካም አስቀረ። በአንድ የእግር ምት ይዘረጋል፤ ሞተር ሳይክሉን ትንሽ ማስደገፍ ብቻ ይበቃል። ነገር ግን ድካሙ ሲቀር ማስታወሻውም አብሮ ቀረ። ሞተር ሳይክሉ ሁለት ጎማው መሬት ላይ ሆኖ፣ ለጉዞ ዝግጁ መስሎ ይቆማል። ማቆሚያውን የማስታወሱ ግዴታ ሙሉ በሙሉ በአሽከርካሪው ጭንቅላት ላይ ወደቀ። ምቾት አንድን ሥራ ሲያስቀር፣ ሥራው ይዞት የነበረውን ጥበቃ ማን ይረከባል? ይህ ጥያቄ ከሞተር ሳይክል ውጭም ብዙ ቦታ ይገጥመናል።

በዚህ ረገድ ታላቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሞተር ሳይክል መቆጣጠሪያዎችን የሚመለከተው 123ኛው የደኅንነት ደረጃ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 1974 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ በአገራችን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ስለዚህ ያን ወር ማንም ኢትዮጵያዊ ስለ ሞተር ሳይክል ማቆሚያ ባያስብ አይፈረድበትም። ደረጃው ስለ ማቆሚያ የሚለው በጣም አጭር ነው፦ ሞተር ሳይክሉ ወደፊት ሲሄድ መሬት የነካ ማቆሚያ ወደ ኋላና ወደ ላይ መታጠፍ አለበት። በዚህ አጭር ድንጋጌ ውስጥ ትልቅ የአስተሳሰብ ለውጥ አለ። ሕጉ አሽከርካሪውን «አትርሳ» አላለውም። ሰው እንደሚረሳ አስቀድሞ አምኖ፣ ትእዛዙን ለሠሪው ሰጠ።

ሠሪዎችም በልዩ ልዩ መንገድ መለሱ። ሆንዳ በማቆሚያው ጫፍ ላይ የጎማ ምላስ ገጠመ። ጎማው ከብረቱ ቀድሞ መሬት ይነካል፤ ሰበቃውም ከብረት ስለሚበልጥ፣ ቀደም ሲል ባነሣሁት ትግል ላይ ሚዛኑን ወደ መታጠፍ ያጋድላል። ርካሽና ብልህ መፍትሔ ነው፤ ችግሩ ጎማው ሲያልቅ ጥበቃውም ማለቁ ነው። ቢ.ኤም.ደብሊው ደግሞ በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ ክብደቱ እንደ ተነሣለት በሞላው ኃይል ራሱ የሚታጠፍ ማቆሚያ አደረገ። በዚህኛው ረስቶ መሄድ ቀረ፤ ነገር ግን የቆመውን ሞተር ሳይክል አንድ ሰው ገፋ ቢያደርገው ማቆሚያው ይታጠፍና ሞተር ሳይክሉ ይወድቃል። አንዱን ውድቀት ለመከላከል የተሠራው ሌላ ውድቀት ወለደ፤ ባለቤቶቹም ብዙ አማረሩበት።

ሦስተኛው መንገድ የኤሌክትሪክ ነው። በማቆሚያው ማጠፊያ ላይ ትንሽ ስዊች ይገጠማል። ሞተሩ ፎሌ ላይ እስካለ ድረስ ማቆሚያው ቢዘረጋም ይሠራል። ማቆሚያው ተዘርግቶ ሳለ ማርሽ ከገባ ግን የካንዴላው እሳት ይቋረጥና ሞተሩ ይጠፋል። አጎቴ ያን ጠዋት በዚህ ዓይነት ሞተር ሳይክል ላይ ቢሆኑ ኖሮ፣ ገበሬው መርቋቸው ሳያበቃ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሁለቱም ስቀው ይለያዩ ነበር። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1993 ባወጣው የማቆሚያዎች መመሪያ ለጎን ማቆሚያ ሁለቱንም መንገዶች ተቀበለ፦ ወይ ማቆሚያው በራሱ ይታጠፍ፣ ወይ ማቆሚያው ተዘርግቶ ሳለ ሞተር ሳይክሉ በሞተሩ ኃይል መሄድ አይቻለው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ሀዋሳ በ1952 ዓ.ም. አካባቢ የተቆረቆረች፣ ከዶቅዶቄው በዕድሜ የምታንስ ከተማ ናት። ገና በልጅነቷ፣ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተሻገረች። ይህ ለውጥ ከእኛ ርእስ ጋር ግንኙነት አለው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ግራ መታጠፍ ማለት ከፊት የሚመጣውን ተሽከርካሪ መስመር ማቋረጥ ማለት ነው። ማቆሚያው የሚተከለውም በዚያው ቅጽበት ነው፤ የሚወድቀው ሰው በሚመጣው መኪና ፊት ይወድቃል። አደባባይን አስቡ። ወደ አደባባይ ስንገባ ትንሽ ወደ ቀኝ እንታጠፋለን፤ ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ የምንዞረው ወደ ግራ አዘንብለን ነው። በገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለውን አደባባይ የሚዞር አሽከርካሪ ማቆሚያውን ረስቶ ከሆነ፣ በባጃጅና በሚኒባስ መካከል ሆኖ ነው የሚያስታውሰው።

በዚህች ከተማ ጎዳናዎች ላይ የተለያዩ ዘመናት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ለገጠር ሥራ የተሠራውና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በረድኤት ድርጅቶች ዘንድ የታወቀው ያማሃ ኤ.ጂ. 100 በግራም በቀኝም ማቆሚያ አለው። ለማሳ ምቹ ነው፤ ማስታወስ የሚገባው ነገር ግን እጥፍ ነው። ከእርሱ አጠገብ ስዊች ያለው አዲስ ሞተር ሳይክል ይቆማል። ሆኖም አዲስነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስዊቹ ከመሬት ቅርብ ስለሆነ ጭቃና አቧራ ይገባዋል፤ ሲበላሽ ሞተሩ አልነሣም ይላል። ደንበኛው የዕለት ገቢው እየተቋረጠበት ቆሟል፤ መለዋወጫው በቅርብ አይገኝም። መካኒኩ ሁለቱን ሽቦዎች ያያይዛቸዋል፤ ሞተሩም ይነሣል። ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። በዚያች ደቂቃ የዛሬው ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. ከ1974 በፊት ወደ ነበረው ዘመን ተመልሷል፤ ባለቤቱ ግን ማሽኑ እንደሚያስታውስለት አምኖ ይነዳል። ይህ ከአሮጌው ይልቅ የከፋ ነው። የአሮጌው ባለቤት ቢያንስ የሚጠብቀው እንደሌለ ያውቃል።

ታዲያ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ምን ያድርግ? ታሪኩ ራሱ አራት ምክር ይሰጣል። አንደኛ፣ የመሐል ማቆሚያ ካለው እርሱን ይጠቀም፤ ድካሙ ማስታወሻ ነው ብለናል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ እየሠራ በጎን ማቆሚያ አቁሞ መውረድን ይተው። ስሕተቱ የሚመጣው ሥራው በሌላ ሐሳብ ሲቋረጥ ስለሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምር፦ መጀመሪያ ማቆሚያ፣ ቀጥሎ ሞተር፣ በመጨረሻ ማርሽ። ማርሽ ከማስገባቱ በፊት ግራ ተረከዙን ወደ ኋላ ጠረግ አድርጎ ብረቱ መታጠፉን በእግሩ ያረጋግጥ፤ ዓይን የለመደውን አያይም። ሦስተኛ፣ የላላ ሞላና ያለቀ የጎማ ምላስ ይለውጥ፤ ማጠፊያውንም ያጽዳና ቅባት ይቀባ። አራተኛ፣ ስዊች ማስገጠም ከፈለገ ማርሽ ሲገባ ብቻ እሳት የሚቆርጥ እንዲሆን ባለሙያ ያማክር፤ በጉዞ መሐል ያለ ምክንያት ሞተር የሚያጠፋ ሽቦ ሌላ አደጋ ነውና።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፦ ማሽን ሲያስታውስለት ሰው ይሰንፋል የሚል። ተቃውሞው ፍሬ አለው፤ የተያያዙት ሽቦዎች ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ነገር ግን ድምዳሜው ማሽኑ አያስታውስ የሚል ሊሆን አይገባም። ማስታወስ በአንድ ቦታ ብቻ ሲቀመጥ፣ በሰውም ይሁን በስዊች፣ ያ ቦታ ባዶ የሚሆንበት ቀን ይመጣል ማለት ነው። ጥሩ ሥርዓት ትውስታውን ያከፋፍለዋል፦ ከፊሉን ለአሽከርካሪው ልማድ፣ ከፊሉን ለብረቱ፣ ከፊሉን ለመካኒኩ ሐቀኝነት።

ከፊሉን ደግሞ ለመንገደኛው። በከተማችን ማቆሚያው ተዘርግቶ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ የጫማ ጠራጊው ልጅ፣ የባጃጁ ሾፌር፣ ከገበያ የምትመለሰው እናት «ስታንድ! ስታንድ!» ብለው ሲጮኹ ሰምታችኋል። ይህን ሥርዓት ማንም አልደነገገውም። የማያውቁትን ሰው እግር ለማዳን የሚጮኹት እነዚህ ሰዎች፣ መርሳት የሰው ሁሉ ዕጣ እንደ ሆነ ከሪፖርቱ ጸሐፊ ይልቅ ተረድተውታል።

ያን ሪፖርት ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ እንድጽፈው ብጠየቅ «ቸልተኝነት» ከሚለው ቃል ፈንታ የምጽፈው ይህን ነበር፦ ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ሐሳቡ በገበሬው ችግኝ ላይ ነበር፤ የተሰጠው ሞተር ሳይክል የጎማ ምላስም ስዊችም አልነበረውም፤ ከመንገድ ዳርም የሚጮኽ ሰው አልተገኘም። ውድ ተማሪዎች፣ ነገ መሐንዲስ፣ የቢሮ ኃላፊ ወይም መርማሪ ስትሆኑ የአደጋ ምክንያት የሚለውን ባዶ መስመር ትሞላላችሁ። አንድ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ብረቷንም ጎንበስ ብላችሁ እዩ።