የጣና ትናንሽ ባርበሶች (ሳይንሳዊ ምደባ)

የጣና ትናንሽ ባርበሶች በጣና ሐይቅ የሚኖሩ፣ አድገው እንኳ በአብዛኛው 10 ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ዓሦች ናቸው። የሚመደቡት በሲፕሪኒዴ ቤተሰብ ነው፤ እንደ ቤተሰቡ ሁሉ መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፣ ምግብ የሚያደቁት በጉሮሯቸው ጥርስ ነው።

የዝርያዎቹ ቁጥር

ጆርጅ ቡሌንዤ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጣና ሦስት ትናንሽ ዝርያዎችን መዘገበ፦ ባርበስ ሁሚሊስ፣ ባርበስ ፕሌውሮግራማ እና ባርበስ ትሪስፒሎፕሌውራ። የመጨረሻው ስም «በጎኑ ሦስት ነጥብ ያለው» ማለት ነው። ነጥብ ብቻውን ግን ዝርያን ለመለየት ደካማ ምስክር ነው። እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቹ በ2002 ባወጡት የአካል ልኬት ጥናት ትሪስፒሎፕሌውራን ከሁሚሊስ የሚለይ አጥጋቢ ምልክት ስላላገኙ ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል። ሁለቱም ስሞች የወጡት በአንድ ጊዜ በመሆኑ ቀዳሚውን በዕድሜ መለየት አይቻልም፤ እንዲህ ሲሆን የስያሜ ደንቡ ምርጫውን ስሞቹን መጀመሪያ ላጣመረው ተመራማሪ ይተወዋል። የጸናውም ሁሚሊስ ነው።

ቁጥሩ ግን ከሦስት አልጎደለም። በ2000 ደ ግራፍ፣ እሸቴ፣ ሲቢንግና ኦሰ ባርበስ ታናፔላጂየስን ለሳይንስ አስተዋውቀው ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ከዚያው ሐይቅ አዲስ ዝርያ መውጣቱ፣ ትንንሾቹ ዓሦች ምን ያህል ሳይታዩ እንደቆዩ ያሳያል።

የወገኑ ስም

ባርበስ የሚለው ወገን ለረጅም ጊዜ ጢም መሰል ሪዝ ያላቸውን እጅግ ብዙ ዓሦች ያጨቀ ነበር። የክሮሞዞም ቆጠራ ግን ለያያቸው፦ የአፍሪካ ትናንሾቹ ወደ 50፣ የአውሮፓዎቹ ወደ 100፣ እንደ ጣናዎቹ ትልልቅ ላቤዎባርበሶች ያሉት ደግሞ ወደ 150 አላቸው። በ2015 ያንግና ባልደረቦቹ ለአፍሪካ ትናንሾቹ ኤድዋርድ ኮፕ በ19ኛው መቶ ዘመን ያወጣውን ኤንተሮሚየስ የተባለ ስም መለሱ። ሽሚትና ባርት ማስረጃው ገና አልጸናም ብለው ተቃወሙ፤ እስኪጣራም ባርበስን በትእምርተ ጥቅስ መጻፍ ይሻላል አሉ። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ኤንተሮሚየስ ነው፤ የቆዩ ጽሑፎችን የሚያገላብጥ አንባቢ ግን ሁለቱንም ስሞች ሊፈልግ ይገባል።

ኑሮ

ታናፔላጂየስ ከዳር ርቆ በገላጣው ውሃ ይኖራል፤ ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳት ናቸው። ዓሣ በል የሆኑት የጣና ላቤዎባርበሶች እነዚህን ትናንሾች ያድናሉ።