ወረፋ አስተናባሪው ሲወድቅ

አይቢኤም ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒውተሮች ያስተዋወቀው በሚያዝያ 1964 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ኮምፒውተሩ ፈጣን፣ ካርድ አንባቢውና ፕሪንተሩ ደግሞ ቀርፋፋ ስለነበሩ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ማሽን ካርድ እስኪነበብና ወረቀት እስኪታተም ሥራ ፈትቶ ይጠብቅ ነበር። መላ የዘየዱት በሂዩስተን ለናሳ ይሠሩ የነበሩት የአይቢኤም ባለሙያዎች ቶም ሲምፕሰንና ቦብ ክራብትሪ ናቸው። ሀስፕ የተባለው ፕሮግራማቸው የመጡትን ሥራዎች አስቀድሞ ዲስክ ላይ ያሰፍራል፤ እንደ ቅድሚያቸው ያሰልፋል፤ ውጤቱንም የፕሪንተሩ ተራ እስኪደርስ ያቆያል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስሙ ጄስ2 ሆነ። ዛሬም በትልልቅ ባንኮች የሜይንፍሬም ኮንሶል ላይ የሚወጡት የጄስ2 መልእክቶች በዶላር ምልክትና በ“ሀስፕ” ይጀምራሉ።

ሁሉንም ሥራ በአንድ ወረፋ ማስተዳደር ግን የራሱ አደጋ አለው። አስተናባሪው ራሱ ቢወድቅ፣ የትኛው ሥራ የት ደርሶ እንደነበር በምን ይታወቃል?

በቼክፖይንት ነው። ጄስ2 የወረፋውን ሁኔታ በየጊዜው ዲስክ ላይ ይመዘግባል፤ ሲነሳም ይህን መዝገብ አንብቦ ካቆመበት ይቀጥላል። መዝገቡ ካልተነበበ ኮንሶሉ ላይ ጥያቄ ይመጣል፤ ኦፕሬተሩም መልስ መስጠት አለበት። ከዜሮ ማስነሳት የሚባል አማራጭም አለ። እሱ ግን የተሰለፈውን ሥራና ያልታተመውን ውጤት ጠራርጎ ያጠፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ መጀመሪያ የስህተቱን መልእክትና ኮድ ያነባል፤ የቼክፖይንቱን ዲስክ ይመረምራል፤ ከዜሮ ማስነሳትን የመጨረሻ አማራጭ ያደርጋል። አለቆች “ቶሎ አስነሱት!” እያሉ ሲያጣድፉ ይህን ማድረግ ትልቅ ብርታት ይጠይቃል።

ከጄስ2 በላይ ደግሞ የትኛው ሥራ መቼና ከየትኛው በኋላ እንደሚሄድ የሚወስን ሌላ ሶፍትዌር አለ። የብሪታንያው አርቢኤስ ባንክ እሑድ ሰኔ 17 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ያደሰው ይህን መሰሉን ሶፍትዌር ነበር። ሰኞ እንግዳ ነገር ታየ። ማክሰኞ ባለሙያዎቹ አዲሱን አንሥተው ወደ ቀድሞው ለመመለስ ወሰኑ፤ መመለሱ ምን እንደሚያስከትል ግን አስቀድመው አልፈተሹም። አሮጌውና አዲሱ አልተጣጣሙም። የሌሊቱ የሒሳብ ሥራ ሳያልቅ የቀጣዩ ቀን ሥራ ተደረበበት፤ ውዝፉም ተቆለለ።

በአርቢኤስና በእህት ባንኮቹ በናትዌስትና በአልስተር ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ችግሩ ደረሰባቸው። ትክክለኛ ሒሳባቸውን ማየት ያቃታቸው፣ የቤት ብድር መክፈያቸው ያለፈባቸው፣ በሰው አገር ያለ ጥሬ ገንዘብ የቀሩ ነበሩ፤ አንዳንድ ድርጅቶችም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል አልቻሉም። የአልስተር ባንክ መስተጓጎል እስከ ሐምሌ 10 ዘለቀ።

በኅዳር 2014 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱ የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በባንኩ ላይ በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣሉ። ጥፋቱን በዚያች ማክሰኞ በተወሰነው ውሳኔ ብቻ አልወሰኑትም፤ ባንኩ የኮምፒውተር አደጋዎቹን አስቀድሞ የሚለይበትና የሚቆጣጠርበት በቂ አሠራር እንዳልነበረውም ገለጹ።