አገሩ ሁሉ አንድ የምርጫ ክልል



በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና በፈረቃ መለወጫ ሰዓት «የአፉላ የፓርላማ ተወካይ ማን ነው?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ የተደረገው በየምርጫ ክልሉ ነበር። በእስራኤል ግን ከ1949 ጀምሮ አገሩ በሙሉ አንድ ክልል ነው፤ 120ው የክነሴት ወንበር እንደ ድምፁ ብዛት ለፓርቲዎች ይከፋፈላል። ስለዚህ ወሳኙ በፓርቲው ዝርዝር ላይ የሚገኘው ተራ ነው።

በ1996 አቶ አዲሱ መሰለ ከኢትዮጵያ ተወላጆች የመጀመሪያው የክነሴት አባል ሆኑ። በ1999 አልተመለሱም፤ እስከ 2008 ድረስ ከእኛ ማንም አልገባም። በ2013 ወይዘሮ ፕኒና ታመኖ ሻታ ገቡ፣ በ2020 ሚኒስትር ሆኑ። እንግዲህ ወንበሩ በስማችን የተቀመጠ አይደለም።

በምርጫው ቀን መታወቂያችሁን ያዙ። በወረቀቱ ላይ ያለውን የፓርቲውን የዕብራይስጥ ፊደል አስቀድማችሁ ለዩ፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሌላ ሰው አይመርጥላችሁም።