ከጎንደር የፈረስ ጋጥ እስከ አዋሽ ሸለቆ በረት

የአገራችን የሕንፃ ታሪክ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ነገሥታቱ አዳራሽና ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ነው። ፈረሶቹ የት ያድሩ እንደነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁንና በጎንደር ፋሲል ግቢ የሚገኘው የፈረስ ጋጥ ከብት ለሚያረባ ሁሉ የሚነግረው ነገር አለው።

አፄ ፋሲል በ1636 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ተተኪዎቻቸው በዚያው ግቢ በየተራ ግንብ አሠርተዋል። ከ1721 እስከ 1730 ለነገሡት ለአፄ በካፋ የሚሰጠው ክፍል የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጥ የተጠጋጉበት ነው። ጋጡ ከንጉሥ ቤት ጋር በአንድ ቅጥር ውስጥ መሆኑ አያስገርምም፤ የዘመኑ ጦር ጉልበት ፈረሰኛው ነበርና። የፈረሶቹ ኃላፊ «ባልደራስ» የሚል የራሱ ማዕረግ ነበረው። በፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለው ጉልላታማ ቤትም ዞብል ለተባለው ፈረስ መታሰቢያ እንደተሠራ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ግቢው በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የድንጋይና የኖራ ጋጥ ከሌባና ከጅብ ከመጠበቅ ሌላ ጥቅምም አለው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ገዳይ ሕመም የሚተላለፈው ከምሽት እስከ ንጋት በሚናከሱ ጥቃቅን ትንኞች ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ዛሬም ፈረስ ከመምሸቱ በፊት ጋጥ እንዲገባ ይመክራሉ። የጎንደር ግንበኞች ትንኟን ያውቁ ነበር ማለት አይደለም፤ ሥራቸው ግን ከምክሩ ጋር ይገጥማል።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ደጋማ ከተማ ነው። ከዚያ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከአዋሽም ወደ ሰመራ ሲወረድ ከፍታው ከ500 ሜትር በታች ይደርሳል፤ በበጋ የሚበርደው ሌሊት ቀርቶ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆን ሙቀት ይጠብቃል። እዚህ የሚታመነው ፈረስ ሳይሆን ግመልና ፍየል ነው። በረቱም እንዲሁ ሌላ ነው። የአፋር አርብቶ አደር ዙሪያውን በእሾህ አጥር፣ ድንጋይ በበዛበት ቦታ ደግሞ በድንጋይ ካብ ያጥራል፤ ላዩ ክፍት ነው። ግልገሎች የእናታቸውን ወተት እንዳይጨርሱና በትልልቆቹ እንዳይረገጡ ለብቻቸው ይያዛሉ። ሰው የሚያድርበትን ደቦይታ ሴቶቹ ከጎበጠ እንጨትና ከዘንባባ ሰሌን ይሠሩታል፤ ሲፈልሱም አፍርሰው በግመል ይጭኑታል። ነፋስ በሰሌኑ መካከል ያልፋል። የአገሩ ሙቀት የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው «ዘመናዊ በረት» ሲባል ነው። አራቱም ግድግዳ ተዘግቶ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ሲሆን ለጎብኚና ለሪፖርት ፎቶ ያምራል፤ ከብቱ ግን ያለከልካል፣ መኖ ይቀንሳል፣ ወተቱም ይጎድላል። የጎንደርን ግድግዳ ወደ ሰመራ ማምጣት የደጋን ጋቢ ቆላ ላይ እንደመደረብ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የሚሻለው ጣሪያው ከፍ ብሎ ጎኖቹ ክፍት የሆኑ፣ ፀሐይ እንዳይገባበት ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ጥላ ነው።

ቆርቆሮ ግድ ከሆነም ከሥሩ የዘንባባ ሰሌን ቢወጠርለት ሙቀቱ ይቀንሳል። ሰሌኑን የሚሠሩ እናቶች በየቀበሌው አሉ። ማኅበራት የማድለቢያና የማቆያ በረት ሲያቅዱ የእነሱ የእጅ ሥራ ዋጋ እንደ ሲሚንቶውና እንደ ብረቱ ሁሉ በበጀቱ ውስጥ የራሱ መስመር ቢኖረው ተገቢ ነው።